ሦስቱም ግድግዳ የጋራ ነው

ሰለቸን። በሰው ቤት ሳል ከእንቅልፍ መባነን፣ ደጃፋችን ላይ የማናውቀውን ሰው ፍራሽ ማግኘት፣ ከሥራ ደክመን መጥተን መኪና የምናቆምባት ቦታ ፍለጋ ሰፈሩን መዞር፣ ለአንዱም አቤት የምንልበት ማጣት ሰለቸን። ይህ የእኔ ብቻ ብሶት አይደለም። በእንግሊዝ ከተሞች ቤት ከቤት ተጣብቆ በተሠራባቸው ሰፈሮች የሚኖረው ሁሉ፣ ሐበሻው፣ ፓኪስታኒው፣ ሮማኒያዊው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀው እንግሊዛዊ ሳይቀር፣ ሱቅ በር ላይ ሲገናኝ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። አንሥቶ አንሥቶ ሲያበቃ «ምን ይደረግ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚያሳርረው ይህ «ምን ይደረግ» ነው።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ፣ ሄርሂልስ በሚባለው ሰፈር ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ «እንግሊዝ ነው ያለው» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ሰፊ ሣርና ለብቻው የቆመ ቤት ይሆናል። የእኛ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ናቸው። ሌላው ተያይዞ የተሠራ ቤት ግራና ቀኙን ከጎረቤት ጋር ቢጋራም ከኋላው ትንሽም ብትሆን ጓሮ አለችው። እኛ ጋ ጓሮ የለም። የኋላ ግድግዳችን የሌላ ሰው የኋላ ግድግዳ ነው፤ የዚያ ሰው በር የሚከፈተው በማዶኛው መንገድ ላይ ነው። በርም መስኮትም ያለን ከፊት ብቻ ነው። ከታች ሳሎንና ማድ ቤት፣ ከላይ መኝታ ቤት፣ ከዚያ በላይ ጣሪያ ሥር የተወሸቀች ክፍል፣ ከሥር ደግሞ ምድር ቤት። ከአራቱ ግድግዳ ሦስቱ የጋራ ነው። የግላችን የምንለው አንዱን ነው፤ እሱም መንገዱ ላይ ያፈጠጠ ነው።

እነዚህ ቤቶች ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው። ሊድስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሱፍ፣ የማሽንና የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከተማ ሆና ሠራተኛው ሲጎርፍላት፣ ባለ ገንዘቡ በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚያሳድርበት መላ ፈለገ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ለከተማይቱ የወጣ ሕግ፣ ተያይዞ የሚሠራው ቤት በአንድ ላይ ከ8 እንዳይበልጥና በየመሐሉ ክፍት ቦታ እንዲተው አዘዘ። በዚያ ክፍት ቦታ የጋራ መጸዳጃ ቤት ይሠራበት ነበር። በ1909 ደግሞ የአገሪቱ ፓርላማ ጀርባ ለጀርባ ቤት ከእንግዲህ እንዳይሠራ ከለከለ። ሊድስ ግን አስቀድሞ በጸደቀ ፕላን እየተጠቀመች እስከ 1937 ድረስ ስትገነባ ቆየች። የሕዝብ ጤና ይጎዳል ተብሎ ከተከለከለ በኋላ የተሠራ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ብዙ ሰው ዛሬም የሚኖረው። በሊድስ ብቻ ከ19,000 የማያንሱ ቤቶች እንደ ቆሙ ይገመታል። ጓሮ ያላቸውን ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች ሁሉ ከጨመርን፣ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ ካለው መኖሪያ ቤት ከመቶ 23 ያህሉ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ እሮሮው የጥቂት ሰው እሮሮ አይደለም።

ከግድግዳው ልጀምር። በስተግራ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደረጃ የእኛን ግድግዳ ተደግፎ ነው የተሠራው። ልጃቸው ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርድና ታች ሲደርስ ግድግዳውን በመዳፉ መታ አድርጎ ይታጠፋል። በዚያች ቅጽበት የእኛ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሲኒዎች ያቃጭላሉ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ልጅ ነው፣ ደረጃ ይወርዳል። ከጀርባችን ያለውን ሰው ደግሞ መልኩን አላውቀውም። በሩ በሌላ መንገድ ስለሆነ ፊት ለፊት ተገናኝተን አናውቅም። የማንቂያ ሰዓቱ መቼ እንደሚጮህ ግን አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት ትንፋሹ እያጠረው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ማታ አገሩ ሲደውል ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሲጨርስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም እንደሚል አውቃለሁ። እሱም የእኔን ያውቃል ማለት ነው። ሰላም ተባብለን የማናውቅ ሰዎች አንዳችን የአንዳችንን ገመና ተሸክመን እንኖራለን። ባልና ሚስት ሲጋጩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሐዘን የገባው ሰው ትራስ አፉ ላይ ጭኖ ነው የሚያለቅሰው። ቤቴ ነው ብሎ እንደ ልብ መናገርን የመሰለ ነገር ሲቀር ምን ያህል እንደሚያደክም የኖረበት ያውቀዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። ከ2003 ወዲህ አዲስ የሚሠራ ቤት በጎረቤታሞች መካከል ያለው ግድግዳ ቢያንስ 45 ዴሲቤል ድምፅ እንዲያስቀር የግንባታ ደንቡ ያስገድዳል። የእኛ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተደረደረ ጡብ ነውና ደንቡ አይመለከተውም። በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ጎረቤትን የሚያውክ ድምፅ ሲኖር ማዘጋጃ ቤት እንዲመረምር ያዛል። በእንግሊዝ የትኛውም ከተማ ሄዳችሁ ብታመለክቱ ግን መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ቅጽ ነው፤ በስንት ሰዓት ምን እንደ ሰማችሁ፣ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ እንዴት እንደ ረበሻችሁ ለሳምንታት ጻፉ ይባላል። ጽፋችሁ ስታቀርቡ፣ የእግር ኮቴ፣ የበር መዝጋት፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የመጸዳጃ ውኃ የዕለት ተዕለት ኑሮ ድምፅ ስለሆነ ጥፋት አይደለም ይባላል። እውነት ነው፣ ጥፋት አይደለም። ማንም ሳያጠፋ ግን ሁላችንም እንቅልፍ አጥተናል። ጥፋተኛ ለሌለው ችግር የተዘጋጀ ቅጽ የለም።

የሌሊቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ስለ ሌሊት ድምፅ የወጣው ሕግ ሌሊት የሚለው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ነው። በእኛ ሰፈር ግን ስንቱ ሰው ነው በሌሊት የሚሠራው! አረጋውያን መንከባከቢያ የሚያድረው፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲደረድር የሚያድረው፣ ታክሲ ሲነዳ የሚያድረው፣ ቢሮ የሚያጸዳው፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆነው። እንዲህ ያለው ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥቶ ጋደም ሲል፣ በሕጉ ዓይን ቀን ነውና ግድግዳውን በመሰርሰሪያ መብሳት ይቻላል። ከተማይቱን ሌሊት የሚጠብቃት ሰው ቀን የሚተኛበት ሰዓት በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ወደ ቆሻሻው ልለፍ። ያ በ1866 ሕግ የተተወው ክፍት ቦታ ዛሬ የቆሻሻ ቢን ማቆሚያ ግቢ ሆኗል። መጸዳጃ ቤቶቹ ከፈረሱ ቆይቷል፤ ግቢው ግን የጋራ እንደሆነ ቀረ። ጥቁሩ ቢን ለተራው ቆሻሻ፣ አረንጓዴው ካርቶንና ጣሳን ለመሰለው ዳግም ጥቅም ላይ ለሚውል ነው። ሰው የቤቱን ቁጥር በነጭ ቀለም ቢኑ ላይ ይጽፋል፤ ሆኖም ሲያሻው ማንም የማንንም ቢን ይወስዳል። አንድ ሰው የልጅ ዳይፐር አረንጓዴው ውስጥ ከጣለ ደግሞ ቢኑ ሳይነሣ ይቀራል፤ ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ያጠራቀመው፣ ጣሳ አጥቦ ያስቀመጠው ሰው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሞላው ቢን ላይ ከረጢት ይጫናል፤ ከረጢቱን ድመትና ቀበሮ ይዘነጥለዋል፤ አይጥ ይከተላል። በጋ ላይ ከዚያ ግቢ አጠገብ ያለው ቤት መስኮቱን አይከፍትም። ሌላ መስኮት ደግሞ የለውም።

በግቢው ውስጥ ያለውን የፍራሽ፣ የሶፋና የተሰበረ ማቀዝቀዣ ክምር ያየ ሰው ሰፈሩን ስድ ነው ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች የኪራይ ናቸው። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው ሲገባ አከራዩ ወይም የአከራዩ ሠራተኛ አሮጌውን ዕቃ ጎትቶ ግቢው ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። አከራዩ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ አንዳንዱም ሌላ አገር። ስልክ ሲደወል ኤጀንሲ ነው የሚያነሣው፤ ኤጀንሲው «እኛ የምናውቀው የቤቱን ውስጥ ነው» ይላል። አንድን ቤት ለየብቻው ለሚኖር ሰው በየክፍሉ የሚያከራይም አለ። ከ2018 ወዲህ ከአንድ ቤተሰብ ላልሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ቤት የሚያከራይ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ ወጣም አልወጣም ግን ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው ቢን ለአምስት ራሱን ችሎ ለሚኖር ጎልማሳ አይበቃም። አሁን ደግሞ የምግብ ትራፊ በየሳምንቱ ለብቻው ከየቤቱ እንዲሰበሰብ ሕጉ እስከ 2026 ማርች መጨረሻ ድረስ ቀን ቆርጧል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ምግብ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀብሮ መበስበስ የለበትም። ግን ጓሮ ለሌለው ሰው ያ ተጨማሪ ቢን የት ይቁም? ደንቡን ያወጣው ሰው ይህችን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መኪናው ሦስተኛው ጣጣ ነው። መንገዶቹ ሲዘረጉ የሚያልፍባቸው የከሰል ጋሪና የወተት ጋሪ ነበር። ዛሬ የቤቱ ፊት ስፋት ራሱ አንድ መኪና አቁሞ ብዙም አይተርፈውም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ግን ሁለትና ሦስት መኪና አለ። ይህን ቅንጦት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በሰፈራችን መኪና ማለት ለታክሲ ነጂው እንጀራው ነው፤ ለዕቃ አድራሹ እንጀራው ነው፤ ሌሊት አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት አረጋዊ ለመንከባከብ ከቤት ቤት ለምትሄደው ሴት እንጀራዋ ነው። እንግዲህ ያቺን ቦታ ለማስከበር አንዱ የመንገድ ሥራ ኮን ያቆማል፤ ሌላው አሮጌ ወንበር ያወጣል፤ ሦስተኛው ኮኑን አንሥቶ መኪናውን ያቆምና ማታ ጠብ ይነሣል። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ደጃፉ ላይ ለማቆም ማንም በሕግ የተለየ መብት የለውም። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም ግን ደጄ ነው ይላል።

ቦታ ያጣው ሁለት ጎማውን የእግረኛው መንገድ ላይ ይሰቅላል። በለንደን መኪናን እግረኛ መንገድ ላይ ማቆም ከ1974 ጀምሮ ክልክል ነው። ስኮትላንድ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መቅጣት ጀምራለች። ከለንደን ውጭ ያለው እንግሊዝ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክልከላ ሳይኖረው ነው የዘለቀው። የለንደን ሕፃን በእግረኛ መንገድ እየተገፋ ሲሄድ የሊድስ ሕፃን በመኪና መሐል ለምን ይገፋል? መንታ ልጆቿን በጋሪ የምትገፋ እናት ወደ አስፋልቱ ስትወርድ፣ ዓይነ ስውር ሰው በዘንጉ የመኪና ጎማ ሲመታና ወዴት እንደሚዞር ሲጨነቅ ማየት የየዕለት ነገር ሆኗል። በግራና በቀኝ የቆመው መኪና መሐል ለመሐል የሚተወው ክፍተት ደግሞ እየጠበበ ሄዷል። የግንባታ መመሪያው ለእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 3.7 ሜትር ይላል። ማታ ማታ በእኛ መንገድ መሐል ቆማችሁ እጃችሁን ዘርጉ፤ ያን ያህል ቦታ እንደሌለ ሳትለኩት ይገባችኋል። ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቅን ሰዎች ደግሞ የአንዱ ቤት እሳት የሁላችንም እሳት ነው።

የመንገዱ ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሊድስ አንዱን ስም ለሰባት መንገድ ማካፈል ልማዷ ነው። ቤክስሊ አቬኑ አለ፤ ቤክስሊ ግሮቭ፣ ቤክስሊ ማውንት፣ ቤክስሊ ፕሌስ፣ ቤክስሊ ሮድ፣ ቤክስሊ ቴራስ፣ ቤክስሊ ቪው። ሁሉም ጎን ለጎን ናቸው፤ ቁጥሮቹም ይደጋገማሉ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ አንብቦ የሚሮጥ ዕቃ አድራሽ የአንዱን ፓርሴል ለሌላው ጥሎ ይሄዳል። ለዕቃው እንኳ ግድ የለም፤ ሰው ወድቆ አምቡላንስ ሲጠራ፣ ያውም እንግሊዝኛው እየተደነቃቀፈበት፣ የመንገዱን ሁለተኛ ስም መሳት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማሰብ ያስፈራል። ሴንት ጀምስን የሚያህል ሆስፒታል እዚሁ አጠገባችን ሆኖ ሰው በስም መመሳሰል ሊዘገይበት አይገባም።

እርጥበቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከፊት ብቻ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ ነፋስ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ የለም። የታጠበ ልብስ የሚሰጣበት ጓሮ ስለሌለ ብዙ ሰው ገመዱን ከቤቱ ግድግዳ ወደ ማዶ ቤት ይዘረጋል፤ መኪና ሲመጣ አንሶላውን በረጅም እንጨት ከፍ አድርጎ ያሳልፋል። ዝናብ ሲሆን፣ ያው አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ነው፣ ልብሱ ሳሎን ውስጥ ይሰጣል፤ ውኃው ወደ ግድግዳው ይገባል፤ በጥር ወር የአልጋው ራስጌ ጠቁሮ ይገኛል። አከራዩ «መስኮት ክፈቱ፣ ማሞቂያ አብሩ» ይላል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያደርግ ደመወዝ ያለው ሰው እዚህ አይኖርም ነበር። በ2020 በሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻቅ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን ቤቱ ውስጥ በነበረው ሻጋታ ሳቢያ ሞተ። በስሙ የወጣው ሕግ የማኅበራዊ መኖሪያ ቤት አከራዮች በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ ሻጋታ እንዲያስወግዱ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ያስገድዳል። ለግል ተከራይም እንዲዘረጋ ተወስኗል፤ እስኪደርሰን ግን የልጆቻችን ደረት ይጠብቅ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚያንገበግብ ነገር አላውቅም።

በእኛ በሐበሾቹ ላይ ደግሞ የሚብስ አለ። በየፎቁ የጭስ አላርም መኖር አለበት፤ ነፍስ ያድናልና ይኑር። ቡና በተቆላ ቁጥር ግን ይጮኻል፤ አንዱ ሰው ከሥሩ ቆሞ በነጠላ ሲያራግብ ነው ቡናው የሚደርሰው። ቡናውስ ይሁን። መርዶ ሲመጣ ነው ችግሩ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እናቷ አገር ቤት ላረፉባት አንዲት እህታችን ሊያረዱ የሄዱት ሰዎች ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ በሹክሹክታ ተጠራርተው፣ ጫማቸውን እንኳ ቀስ ብለው አውልቀው ነው የገቡት። ነገሩ ሲነገራት ጮኸች። እናቷ ናቸው፤ እንዴት አትጮኽ? ወዲያው ከጀርባ ያለው ግድግዳ ተደበደበ። አንድ ሰው በቡጢው ይመታዋል። እሷ ስታለቅስ እሱ ይመታል። ለቀስተኛው እየበዛ፣ ሳሎኑ ሞልቶ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ ዋለ። በማግስቱ በደብዳቤ ማስገቢያው ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ገባ፤ ጎረቤታችሁን አክብሩ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ዙረው በማዶኛው መንገድ የዚያን ሰው በር አንኳኩ። ሰው ሞቶብን ነው፣ ዛሬ ያበቃል፣ ይቅርታ አድርግልን አሉት። ሰውየው በመርዶው ዕለት ማለዳ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ገና ጋደም ማለቱ ነበር። ፊቱ ተለወጠ። «ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ከሰውየው ጋር በአንድ ጡብ ተለያይተን ስንኖር ስም እንኳ አይነግረን፣ አንነግረው። አንድ በር ማንኳኳት የሚፈታውን ነገር በግድግዳ ድብደባና ስም በሌለው ወረቀት ሦስት ቀን ማክረር ለምን አስፈለገ? በዚህ አገር ጎረቤትን በግንባሩ ማነጋገር ድፍረት ሆኗል። ሰው ለጎረቤቱ የሚናገረውን ለቅጽ ይናገራል፤ ቅጹ ደግሞ ደብዳቤ ሆኖ ጎረቤቱን ያስፈራራዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

ሰፈራችን ከውጭ የሚሰማው ሲቃጠል ብቻ ነው። በጁላይ 2024 በነበረው ሁከት አንድ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሄርሂልስ ውስጥ ተቃጥሎ የዓለም ዜና ሆነ፤ ካሜራው መጣ፣ የሰፈሩን ስም ጥላሸት ቀብቶ ሄደ። ግድግዳውን፣ ግቢውን፣ ሻጋታውን የጠየቀ ብዙም አልነበረም። «ካልተስማማችሁ ለምን አትለቁም» የሚለን ደግሞ አለ። ወዴት? ኪራዩ ከዚህ የሚቀንስበት ሰፈር ከሥራ ይርቃል። እዚህ ሆስፒታሉ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ነው። እንጀራም፣ በርበሬም፣ የፓኪስታኑ ዳቦም፣ የካሪቢያኑ ሙዝም በአንድ መንገድ ላይ ይገኛል። ልጆቻችን ሲያማቸው ተጠርቶ የሚደርስ ሰው አጠገባችን አለ። ተጠጋግቶ መኖር በራሱ አልከፋንም፤ አገር ቤትም ተጠጋግተን ነው ያደግነው። የከፋን የጋራ የሆነው ሁሉ ኃላፊ ማጣቱ ነው።

ስለዚህ እሮሮ ብቻ እንዳይሆን የምንለውን እንበል። ግድግዳውን በተመለከተ፣ አሮጌ ቤት ለማሞቅ የመንግሥት ድጎማ ሲመደብ ድምፅ የሚያስቀር ሽፋንም አብሮ ይታሰብ፤ ግድግዳው አንዴ ከተከፈተ ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መሥራት ይቻላል። የእግረኛውን መንገድ በተመለከተ፣ ለንደን በ1974 ያገኘችውን ደንብ የሊድስ እናትም ታግኝ፤ መኪና ቆሞ የሚያድርበት ቦታም አብሮ ይፈለግ፤ አለዚያ ሌሊት ሠርቶ የሚገባውን ሰው በቅጣት ማማረር ነው። የመርዶውን፣ የልደቱን፣ የሰርጉን ነገር በተመለከተ፣ አስቀድሞ በር አንኳኩቶ መናገር ለሁላችንም ይልመድብን፤ የሚሰማም ሰው ከመደብደቡ በፊት ይጠይቅ።

የቆሻሻውን ግቢ በተመለከተ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። የማንም ያልሆነ መሬት በእንግሊዝ የለም፤ የእያንዳንዱ ግቢና የእያንዳንዱ ቤት ባለቤት በመዝገብ ላይ ሊገኝ ይገባል። ስሙና ስልኩ በየግቢው በር ላይ ይለጠፍ። ፍራሽ ሲጣል እሱ ይጠራ፣ አይጥ ሲገባ እሱ ይጠራ፣ ግድግዳው ሲጠቁር እሱ ይጠራ። ኪራዩን በየወሩ በሰዓቱ የሚቀበል ሰው ስልኩንም በሰዓቱ ያንሣ።